ለቤት ሰርቨርና ለፋየርዎል ራውተር የሚሆን ማሽን አመራረጥ

«ቤቴ ሰርቨር ላቆም ነው፤ ራውተሩንም በፋየርዎል ልቀይረው አስቤያለሁ። የቱን ማሽን ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሰርቨር ፋይል አስቀምጦ ለቤቱ ስልክና ቲቪ የሚያቀርብ ማሽን ነው፤ ፋየርዎል ደግሞ በቤቱና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ የሚያልፈውን የሚቆጣጠር ነው። አብሮትም የፕሮሰሰር ስም ይመጣል፤ አይ5 ይበቃል ወይስ አይ7 ይሻላል? ፕሮሰሰሩ ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታየው የኔትወርክ ፖርቱና የመብራቱ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አስተካክሎ የመረጠ ሰው አንድ ቢሮ ተጠቅሞ የሸጠውን ኮምፒውተር ገዝቶ ዓመታት ይገለገልበታል። ሁለቱን የረሳ ሰው ደግሞ ውድ ማሽን ገዝቶም ኢንተርኔቱ ይቆራረጥበታል።

መመሪያው ፋይበር ወይም ሲም ራውተር ላለው፣ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ነው። ውጭ ሀገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ፣ ደረጃ 5 ላይ ስለ ቮልቴጅ ያለውን ሳታነቡ ምንም አትግዙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለፋየርዎሉ፦
- ቢያንስ 2 የኬብል ኔትወርክ ፖርት ያለው ባለ 64 ቢት ማሽን
- 8 ጊጋባይት ራም (4ም ይሠራል፤ 8 ግን ያሳርፋል)
- 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ኤስኤስዲ

ለሰርቨሩ፦
- ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር
- ለሲስተሙ ኤስኤስዲ፣ ለፋይሉ ሃርድ ዲስክ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ

ለሁለቱም፦
- ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት ጊጋቢት ስዊች (መስመሩን ለብዙ ኬብል የሚያከፋፍል)
- ዋይፋይ የሚሰጥ አክሰስ ፖይንት (ያላችሁ አሮጌ ራውተር ይሆናል)
- ካት5ኢ ወይም ካት6 ኬብል
- ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)
- ለመጫኛ 8 ጊጋባይት ፍላሽ፣ ስክሪን፣ ኪቦርድና አንድ ላፕቶፕ

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ሥራ ለያዩ

ፋየርዎሉንና ሰርቨሩን አንድ ማሽን ላይ ማድረግ ይቻላል። ፕሮክስሞክስ (በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሲስተም የሚያስኬድ) ጭናችሁ ሁለቱንም በውስጡ ማስኬድ ትችላላችሁ። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሰርቨር ማለት የምትነካኩት፣ የምትሞክሩበት፣ አንዳንዴም የምታበላሹት ዕቃ ነው። እሱን ሪስታርት ባደረጋችሁ ቁጥር የቤቱ ኢንተርኔት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እናንተም መፍትሔ ለመፈለግ የሚያስፈልጋችሁ ኢንተርኔት የለም።

ገንዘቡ ለአንድ ማሽን ብቻ ከበቃ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ግዙ። ሰርቨሩ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 2፦ ከመግዛታችሁ በፊት መስመራችሁን እወቁ

አራት ነገር ጻፉ።

ሀ. ፍጥነቱ ስንት ነው? እስከ 100 ሜጋቢት ለሆነ መስመር ሁለት ኮር ያለው ማንኛውም የቅርብ ዓመታት ማሽን ይበቃል። እስከ 1 ጊጋቢት ድረስ ደግሞ ኢንቴል ኤን100 ወይም 6ኛ ትውልድ አይ5 በቂ ነው። እንደ ሱሪካታ ያለ ትራፊኩን በሙሉ የሚመረምር ፕሮግራም ከፈለጋችሁ ግን ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ያዙ።

ለ. መስመሩ የሚገናኘው በምንድን ነው? የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ፒፒፒኦኢ ነው። አንድን ማሽን ፋየርዎል የሚያደርጉት ሲስተሞች ኦፒኤንሴንስና ፒኤፍሴንስ ናቸው፤ የቆሙበት ፍሪቢኤስዲ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፒፒፒኦኢን በአብዛኛው በአንድ ኮር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ይወስናል። ስሙንና ቃሉን ከኢንተርኔት አቅራቢው ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ አለበለዚያ አዲሱ ፋየርዎል መስመሩን መክፈት አይችልም።

ሐ. የፋይበሩ ሳጥን ብሪጅ ላይ ሊደረግ ይችላል? ብሪጅ ማለት ሳጥኑ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ለእናንተ ማሽን እንዳለ ማስተላለፉ ነው። አቅራቢውን ጠይቁ። እምቢ ካለ ኢንተርኔቱ በሁለት ራውተር ውስጥ ያልፋል። ለተራ አጠቃቀም ችግር የለውም፤ ከውጭ ወደ ቤት ለመግባት ግን ያስቸግራል።

መ. የራሳችሁ የውጭ አድራሻ አላችሁ? አሁን ባለው ራውተር ገጽ ላይ የውጭውን አይፒ እዩ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ነው የምትጋሩት። ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት አይደርሳችሁም። ያኔ እንደ ቴይልስኬል ያለ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገናኝ ቪፒኤን ነው መፍትሔው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ «ሰርቨሩ ተበላሸ» ብሎ ከመልፋት ያድናል።

ደረጃ 3፦ ፖርት ቁጠሩ፣ ቺፑንም እዩ

አንድ ፖርት ለውጭ መስመር፣ አንድ ለቤት ውስጥ ስዊች። ትንሹ ይህ ነው። ፋይበር ኖሯችሁ በተጨማሪ ባለ ሲም ራውተር እንደ መጠባበቂያ የምትይዙ ከሆነ ሦስት ያስፈልጋል። ብዙ ቤት አሁን የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም መስመር ጎን ለጎን አለ። ፋየርዎሉ አንዱ ሲቋረጥ ወደ ሌላው ራሱ እንዲያዞር ማድረግ ስለሚቻል ባለ 4 ፖርት ማሽን ብትይዙ ገንዘባችሁ አይባክንም።

ቀጥሎ ቺፑ። ኢንቴል ምረጡ። ኦፒኤንሴንስና ፒኤፍሴንስ ላይ የሪልቴክ ቺፕ ብዙ ጭነት ሲመጣበት የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። ኢንተርኔቱ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ገመዱን ነቅላችሁ ስትሰኩት ይመለሳል። ምክንያቱ ድራይቨሩ ነው። ሪልቴክ ያለው ማሽን ቀድሞ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። ኦፒኤንሴንስ ለሪልቴክ ተጨማሪ ድራይቨር አለው፤ ያ ካልሆነ በሊኑክስ የሚሠራውን የራውተር ሲስተም ኦፕንደብልዩአርቲን ጫኑበት። ለአዲስ ግዢ ግን ኢንቴል አይ210፣ አይ350 ወይም አይ226-ቪ ፈልጉ። ከአይ225-ቪ የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ራቁ፤ ግንኙነት የመቁረጥ ችግር ነበረባቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተርን ለውጭ መስመር አትጠቀሙ። ለሙከራ ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ፋየርዎል ግን አይታመንም።

ደረጃ 4፦ የፋየርዎሉን ማሽን ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው፣ ባለ 4 ፖርት ኤን100 ሳጥን። ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ መብራት ብዙ አይበላም። ፖርቶቹ ብዙውን ጊዜ አይ226-ቪ ናቸው። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ። ጉዳቱ፣ አዲስ ስለሆነ ከውጭ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ራምና ኤስኤስዲ ሳይኖረው ባዶውን የሚሸጥም አለ፤ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቡ።

ሁለተኛው፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው ወይም ኤም920ኪው። መጽሐፍ የሚያክል ሚኒ ፒሲ ነው። ከሌሎቹ ሚኒዎች የሚለየው ውስጡ የኔትወርክ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ስላለው ነው። ካርዱን የሚያገናኘው ራይዘር ለብቻው ይገዛል። ካርዱ ሲገባ የ2.5 ኢንች ዲስኩን ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሲስተሙን የምትጭኑት ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ገበያ ላይ ለማግኘት የሚቀለው፣ ቀጭኑ፣ ኤስኤፍኤፍ የሚባለው የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ኤስኤፍኤፍ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 ኤስኤፍኤፍ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፖርት ኢንቴል ነው፤ ባለ 2 ፖርት አይ350 ካርድ ስትጨምሩበት ሦስት ይሆንላችኋል። ኦፕቲፕሌክስ 3050 ግን ሪልቴክ ነው። መልኩ ስለሚመሳሰል ሻጩ «ያው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ያው አይደለም።

ካርድ ስትገዙ አጭሩ ብራኬት አብሮት መኖሩን እዩ። ብራኬት ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። ረጅሙ ቀጭን ኬዝ ውስጥ አይገባም፤ ካርዱ በብሎን ሳይያዝ ሲቀር ደግሞ ኬብል በሰካችሁ ቁጥር ይነቃነቃል።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋባችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ በጀቱ ጠበብ ያለ ከሆነ ሦስተኛውን ያዙ።

ደረጃ 5፦ መብራቱን አስሉ

ይህ ማሽን በቀን 24 ሰዓት ነው የሚሠራው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዋቱን በ24፣ ከዚያ በ30 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 15 ዋት የሚበላ ሳጥን በወር 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርባችኋል። 100 ዋት የሚበላ አሮጌ ታወር ግን 72። በነፃ ያገኛችሁት ትልቅ ሰርቨር ሲከርም የሚያስወድደው በዚህ ነው። ሄዶ ሄዶ ቆጣሪው ላይ ይታያል።

ዩፒኤስ ስትገዙ «650» የሚለው ቁጥር ዋት አይደለም፤ ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) ነው። የምትፈልጉት የሚቆይበትን ሰዓት ስለሆነ ባትሪውን እዩ። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። በመቀየር ሂደት የሚባክነውንና የባትሪውን እርጅና አስባችሁ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። ፋየርዎሉ፣ የፋይበሩ ሳጥንና ስዊቹ በአንድ ላይ 30 ዋት ከበሉ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ያቆያችኋል።

የ12 ቮልቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ተራ ዩፒኤስ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ይቀይራል፤ የማሽኑ አዳፕተር ደግሞ 220ውን መልሶ 12 ያደርገዋል። በሁለቱም ጊዜ ኃይል ይባክናል። ሳጥናችሁ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ከ12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ በቀጥታ መመገብ ይቻላል። የፋይበሩ ሳጥንም ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት፣ የሁለቱ ዕቃዎች አምፒር ድምር፣ የመሰኪያው ውፍረት። 5.5 በ2.1 እና 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር የሚባሉት መሰኪያዎች ለዓይን አንድ ናቸው፤ የተሳሳተው ግን ላላ ብሎ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ አይገባም። ሚኒ ዩፒኤሱ 2 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱን አይችልም፤ 3 እና ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዩፒኤስ ለ120 ቮልት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የሚኒ ፒሲ አዳፕተሮች በአብዛኛው «100–240» ይላሉ፤ እነሱ ችግር የለባቸውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ ሳትሰኩ በፊት 230 ላይ አድርጉት።

ሌላም አለ። የብረት ኬዝ ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬታችሁ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አሠሩት፤ የምትነኩት እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ልጆችም ናቸው።

ደረጃ 6፦ የሰርቨሩን ማሽን ምረጡ

እዚህ የሚወስነው የምታስቀምጡት ነገር ነው። ፎቶ፣ ሰነድና ማስታወቂያ ማገጃ ብቻ ከሆነ 6ኛ ትውልድ አይ5 ከበቂ በላይ ነው። ጄሊፊን በሚባለው ፕሮግራም ፊልም ለቲቪና ለስልክ ማሰራጨት ከፈለጋችሁ 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ኢንቴል ያዙ። አብሮት ያለው ግራፊክስ አዳዲሶቹን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ (የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት) ቪዲዮዎች ራሱ ይፈታቸዋል፤ ፕሮሰሰሩ አይጨነቅም። ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቅ ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በ«ቲ» የሚያልቀው፣ ለምሳሌ አይ5-8500ቲ፣ ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ሙቀቱና የመብራት ፍጆታው ዝቅ ያለ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ላይ አትቆጥቡ። «ሲኤምአር» የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ፤ ሲጌት አይረንዎልፍና ደብልዩዲ ሬድ ፕላስ እንዲህ ናቸው። «ኤስኤምአር» ዲስክ ሲጽፍ ጎን ለጎን ያሉትን መስመሮች ደግሞ መጻፍ ስላለበት ይንቀራፈፋል፤ አንድ ዲስክ ሞቶ በአዲስ ስትተኩ ደግሞ መልሶ ማደራጀቱ እጅግ ይጓተታል። ሚኒ ፒሲ ውስጥ 3.5 ኢንች ዲስክ አይገባም። ትልቅ ዲስክ ካሰባችሁ ኤስኤፍኤፍ ወይም ታወር ግዙ።

ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ ሲሠራ ሬይድ ይባላል። ሬይድ መጠባበቂያ አይደለም። በስህተት ያጠፋችሁት ፎቶ ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል። የሠርግ፣ የልደት፣ የወላጆቻችሁ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

መርካቶም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ፍላሽና ትንሽ ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

1. ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ክፈቱ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። የቢሮ ማሽን ስለሆነ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አይገኝም።
2. ዊንዶውስ ካለው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ ካርዱን ስም አንብቡ። ሻጩ የነገራችሁን ሳይሆን እዚያ የተጻፈውን እመኑ።
3. በክሪስታልዲስክኢንፎ የዲስኩን ጤንነትና የሠራበትን ሰዓት እዩ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩን ቀይሩ ወይም ዋጋ አስቀንሱ።
4. አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ዴል ሚኒዎች የማያውቁት አዳፕተር ሲሰካባቸው ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት ይቀንሳሉ።
5. ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። ዓመቱ ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ባትሪው ሲአር2032 የሚባለው ክብ ነው፤ በጥቂት ብር ይገኛል። ካልቀየራችሁት ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮስ ምርጫችሁ ሊጠፋ ይችላል፤ ማሽኑም «ኤፍ1 ተጫኑ» እያለ ሰው ሲጠብቅ ይውላል።

ቤት ስትደርሱ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86+ በፍላሽ አስነሱና ሌሊቱን ይሩጥ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙን መልሱ። የተበላሸ ራም ፋይል የሚያበላሸው ቀስ እያለ ነው፤ የምታውቁት መጠባበቂያችሁም አብሮ ከተበላሸ በኋላ ነው። አዲስ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ከገዛችሁም ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታችሁ ፈትሹት፤ 512 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 32 የሆነ ዕቃ አለ።

ደረጃ 8፦ ኬብል፣ ስዊችና ዋይፋይ

ኬብል ስትገዙ ጫፉን ቁረጡና አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ብር የሚመስል ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ፍጥነቱ ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ ካት6 መባሉ ዋስትና አይሆንም።

ስዊቹ ተራ ጊጋቢት ቢሆን ይበቃል። የእንግዳ ዋይፋይን ወይም የካሜራ መስመርን ከቤቱ መለየት ካሰባችሁ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ መስመሮችን መለየት) የሚችል፣ ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ፣ ውሰዱ።

ለዋይፋይ አሮጌውን ራውተር ተጠቀሙ። ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውን ቀይሩ፣ ኬብሉን ከላን ፖርቱ ላይ ሰኩ። ዲኤችሲፒው ካልጠፋ ሁለት አካል አድራሻ ስለሚያድል ግማሹ ስልክ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም።

ደረጃ 9፦ ጫኑና መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩ

ፋየርዎሉን በአሮጌው ራውተር ምትክ ወዲያው አትስቀሉ። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ጫኑት። ኦፒኤንሴንስ ከፍላሹ ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ስለሚጫን ለዚህ ይመቻል። ሲጠይቃችሁ ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል ሲስተም ምረጡ፤ ድንገት መብራት ሲጠፋ ከሌላው የተሻለ ይቋቋማል። የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ወዲያው ቀይሩ፤ ለሁሉም ሰው የሚታወቅ ነው።

ባዮስ ውስጥ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ፈልጉና «ፓወር ኦን» አድርጉት። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ የሚነሳው በዚህ ነው።

ከዚያ ፈተናው፦ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀሉ። ባትሪው እስኪያልቅና ሁሉም እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየም ጻፉ። መልሳችሁ ሰኩት፤ ምንም አትንኩ። ኢንተርኔቱ በራሱ ከተመለሰ ዝግጁ ነው። ካልተመለሰ ጉድለቱን አሁን አስተካክሉ፤ እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ እናታችሁ ቤት ውስጥ ለብቻቸው እያሉ እንዳይከሰት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

«ጫንኩት፣ ኢንተርኔት ግን የለም።» ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ይህ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ኦፒኤንሴንስም የቤት ውስጥ አድራሻው ከመነሻው 192.168.1.1 ነው። በውጭም በውስጥም አንድ ዓይነት አድራሻ ሲሆን ፋየርዎሉ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። የውስጡን ወደ 192.168.10.1 ቀይሩት።

ገመዶቹን አቀያይሮ መሰካት። የውጭው የትኛው፣ የውስጡ የትኛው እንደሆነ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት።

ራስቤሪ ፓይ ገዝቶ ኦፒኤንሴንስ ለመጫን መሞከር። የኦፒኤንሴንስ ይፋዊ ስሪት የሚሠራው በኢንቴልና በኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ነው። ፓይ ላይ ኦፕንደብልዩአርቲ ይሄዳል፤ ግን ፖርቱ አንድ ብቻ ነው።

ማራገቢያ የሌለውን ሳጥን ቲቪ ሥር፣ ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ለጌጥ ዳንቴል ማልበስ። ኬዙ ራሱ ነው ሙቀቱን የሚያስወጣው። ግራና ቀኙን፣ በተለይም ላዩን ክፍት ተዉለት።